ባለ ሸራዋ ጣውንቴ

ባገባሁበት ክረምት አክስቴ በየጠዋቱ ከጓሮዋ ብቅ ትልና «ጣውንትሽ እንዴት አደረች?» ትለኝ ነበር።

ጣውንቴ መኪና ነበረች። ላይዋን አረንጓዴ ሸራ የለበሰች፣ ከኋላዋ ሰው ፊት ለፊት የሚቀመጥባቸው ሁለት አግዳሚዎች ያሏት የመንግሥት መኪና። አባቴ ትቶልኝ ከሞተው ግቢ ውስጥ፣ ከወይራው ሥር ቆማ፣ ባሌን ከእጄ ወሰደችብኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ሾፌር ነበር። ወልድያ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ በበጋ ሠራተኛና ዕቃ እየጫነ ላስታን ከታች እስከ ላይ ያዳርሳል። የተጋባነው ግንቦት ላይ ነው፤ ጫጉላው ሳያልቅ ተጠርቶ ሄደ። ያን ጊዜ፣ ደርግ ከገባ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ከላሊበላ ወደ ወልድያ የሚያወርደው መንገድ ክረምት ሲገባ ይዘጋ ነበር። ወንዙ ይሞላል፣ ጭቃው ጎማ ይውጣል፣ አውሮፕላኑም ማረፊያው ስለሚረጥብ አይመጣም። የገባ አይወጣም፣ የወጣም አይገባ። ሌላው ሰው በዚህ ያማርራል። የሾፌር ሚስት ግን ባሏን የምታገኘው መንገድ ሲዘጋ ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ መኪናዋን እየነዳ ግቢያችን ሲገባ፣ በማግስቱም ወንዙ ሞልቶ መንገዱ ተቆረጠ ሲባል፣ እሰይ አልኩ። እስከ መስቀል የኔ ነው። ያ ክረምት ድርሻዬ ነበር፤ እሱ ካመለጠኝ እስከ ሌላው ሰኔ ድረስ እንደ እንግዳ አድሮ የሚሄድ ሰው ነው የሚኖረኝ።

ታዲያ ድርሻዬን ሸራዋ በላችው።

ምክንያቱን አላወቅሁም አልልም። በገባ ማግስት አስቀምጦ ነግሮኛል። ከእሱ በፊት መኪናዋን ይነዳ የነበረው ሰው ሸራዋ በስብሳ ተቀደደችበት። «የመንግሥት ንብረት በአሻጥር አበላሸ» ተባለና ታሰረ፤ ሲፈታ ደግሞ ወደ ጦር ግንባር ከሚሄዱት መኪኖች በአንዱ ላይ ተመደበ። ከዚያ ወዲያ ወሬው አልተሰማም።

«መንገድ ሲከፈት ኃላፊው ራሱ ይመጣል» አለኝ። «መጀመሪያ የሚያየው ሸራዋን ነው። አንዲት ቀዳዳ ካገኘ እኔም እዚያው ነኝ።»

ይህን ሰምቼ ማዘን ነበረብኝ፤ አዘንኩም። ግን ቅናቴ የሰማውን ሁሉ ሰምቶ በቦታው ቁጭ አለ።

ሌላ ቦታ ለምን አልቆመችም የሚል ይኖራል። ላስታን ያየ ሰው ይህን አይጠይቅም። ሜዳ የት አለና? ግቢያችን ተዳፋት ነው፤ ድንጋይ የተነጠፈበትና ጎማ የማይሰምጥበት ቦታ ከወይራው ሥር ብቻ ነበር። ወይራው ይቆረጥ ማለት ደግሞ በእኛ ቤት የሚነገር ነገር አይደለም። ወይራው ግን የወፍ አገር ነው። ዝናብ ሲመጣ ከገደሉ ክንፋቸው ውስጥ ቀይ ያለባቸው ጥቁር ወፎች ይመጣሉ፣ ዋነሱ ይመጣል፣ ሲመሽ ደግሞ ያ ጩኸታም ጋጋኖ ዘመዱን ሁሉ አስከትሎ ይሰፍራል። ፍሬውን በልተው ሐምራዊ ኩሳቸውን ይጥላሉ፤ የት ላይ? ሸራዋ ላይ። ኩስ ደግሞ ሸራ ላይ ከደረቀ ክሩን ይበላዋል። መጀመሪያ ይሳሳል፣ ከዚያ ያፈሳል፣ ከዚያ በጣት ሲነኩት ይቀደዳል።

ባሌ ጎህ ሲቀድ ከአጠገቤ ይነሳል። እንዴት አደርሽ ሳይለኝ በሩን ከፍቶ ሸራዋን ያያል።

«ውሃ ታሞቂልኛለሽ?»

«ፊትህን ልትታጠብ?»

«ለሸራዋ ነው። ለብ ያለ ይሁን። የፈላ ውሃ ይጎዳታል።»

ለብ ያለ! እኔ እርሻ ውዬ እግሬ ቀዝቅዞ ስገባ ለብ ያለ ውሃ የሚያቀርብልኝ ማን አለ? አሮጌ ሸሚዙን ቀዶ ጨርቅ አድርጎታል፤ በእሱ እያራሰ ኩሱን ያለሰልሳል እንጂ አይፍቅም። ከዚያ መዳፉን ከስፌቷ ጀምሮ ወደ ታች ቀስ አድርጎ ይሰዳል። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ያንን መዳፍ አያለሁ። ትከሻዬን እንዲያ አድርጎ የዳሰሰው መቼ ነው እያልኩ አስባለሁ። ደግሞ ያወራታል። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ፤ «አይዞሽ፣ ዛሬስ ትንሽ ነው» ይላታል።

ለአክስቴ ነገርኳት። አክስቴ ባሏ የሞተባት፣ ግቢዋ ከግቢያችን የተያያዘ፣ ምላሷ የማይደክም ሴት ነበረች።

«አይዞሽ አላት?»

«አላት።»

«እኔን ሟቹ አምስት ልጅ ስወልድለት አንድ ቀን አይዞሽ ብሎኝ አያውቅም! ይቺስ ምን ወለደችለት?»

በእኛ አገር ሴት ባሏን አንቱ ነበር የምትለው። እኔ ደስ ሲለኝ አንቱ፣ ሲከፋኝ አንተ እለው ነበር። በዚያ ክረምት አንቱ የተባለበት ቀን ጥቂት ነው።

ጣራችን ደግሞ ሣሩ አርጅቶ ያፈስ ነበር። ባሌ ከወልድያ ሰፊ ላስቲክ ይዞ መጥቷል። አልጋችን ላይ የሚንጠባጠበውን አይቶ ቤቱ ላይ ይዘረጋዋል ብዬ ስጠብቅ፣ ተሸክሞ ወጥቶ ሸራዋ ላይ ዘረጋው። በሁለተኛው ቀን ነፋስ ገልቦ ወስዶ ገደል ከተተው። ደስ አለኝ። እውነቱን ለመናገር በጣም ነው ደስ ያለኝ፤ ከአልጋው አንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ እየሸሸሁ መተኛቴን ግን አላቆምኩም።

ከዚያ የመስታወቴ ተራ መጣ። ለሠርጌ ያመጣልኝ፣ ክፈፉ ቀይ የሆነ መስታወት ነበረኝ። አንድ ቀን ጸጉሬን ልፈታ ብፈልግ ከግድግዳው የለም። ብወጣ ከወይራው ቅርንጫፍ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ይሽከረከራል።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ወፍ ነጸብራቅ ይፈራል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«የት?»

«ወልድያ።»

«ወልድያ ፀሐይ አለ! እዚህ በሐምሌ ምኑ ያንጸባርቃል? ነው ወይስ እሷ ልታይበት ነው?»

«ማን እሷ?»

«እሷ ናታ! ሹሩባ ልትሠራ አምሯት ይሆናላ!»

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ጉም ከገደሉ ሥር እየተነሳ ግቢውን በሚሞላበት ወር መስታወቱ ምን ያንጸባርቅ። ይልቁንስ አንድ ጋጋኖ ቅርንጫፉ ላይ ቆሞ ያንን የተጠማዘዘ አፉን እያዞረ ራሱን ሲያይ ዋለ። የራሱን መልክ ሳይወደው አይቀርም፤ በማግስቱ ሌሎቹን ይዞ መጣ። መስታወቴን አውርጄ ሳጥበው፣ መስታወት ሆኖ ከተሠራ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር ፈሶበት አያውቅም።

ሦስተኛው ነገር ሰሙ ነው። በላስታ ንብ ያለው ሁሉ ማሩን ከጨመቀ በኋላ ሰፈፉን ያስቀምጣል፤ ሰፈፉ ተፈልቶ ሰም ይሆናል፣ ሰሙ ጧፍ ይሆናል። እኔም አንድ ቅል ሙሉ ሰፈፍ ነበረኝ። ለነአኩቶ ለአብ ጧፍ አገባለሁ ብዬ የተሳልኩበት ነው፤ ስለቱም ባሌን ከመንገድ በሰላም እንዲመልስልኝ ነበር። ባሌ ቅሉን አየው።

«ሸራ ሰም ከተቀባ ውሃም ኩስም አይይዘውም» አለ።

«ስለት ነው።»

«ግማሹን ብቻ።»

አክስቴ ከጓሮዋ ሰምታ «ስጪው እቴ! ስለቱ ስለ እሱ አይደል? እሱ ራሱ ከወሰደው ምን ቀረሽ?» አለች። ሰጠሁት። ቶሎ ተቀብቶ ቢያልቅና ቤት ቢገባልኝ ብዬም ነው የሰጠሁት። ሰፈፍ ደግሞ በውሃ ተፈልቶ፣ በጨርቅ ተጣርቶ፣ እንደገና ተፈልቶ ነው ማሩ የሚለቀው። ዝናቡ ሊመጣ ደመናው ከብዷል፤ እሱ ቸኮለ፣ እኔም ቸኮልኩ፤ አንድ ጊዜ አፍልተን በትኩሱ ሸራዋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀባናት። ደስ የሚል ሽታ ሸተተች። ያን ቀን አንቱ አልኩት።

በማግስቱ ፀሐይ ትንሽ ብቅ ብላ ነበር። ከመኪናዋ በኩል የሚንጎደጎድ ነገር ሰማሁ። ሞተሯን አስነሳት ብዬ ብወጣ ሸራዋ አትታይም፤ ንብ ለብሳለች። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤታችን የኔታ ዘንጋቸውን እየተመረኮዙ መጡ። የኔታ የቆሎ ተማሪ የሚያስተምሩ፣ ከተማሪዎቻቸው በላይ ንቦቻቸውን የሚወዱ አዛውንት ነበሩ።

«የቤቱ ባለቤቶች! ንቦቼ እናንተ ዘንድ ምን ሊሠሩ መጡ?»

«ይግቡ የኔታ። ሸራው ላይ ናቸው።»

«ሸራው አበባ አወጣ?»

«ሰም ቀብተነው ነው» አለ ባሌ አንገቱን ደፍቶ።

የኔታ ጠጋ ብለው አሸተቱና ዘንጋቸውን መሬት ላይ መቱ። «ከነማሩ! በነሐሴ፣ ከነማሩ! ንብ የሚቀምሰው አጥቶ በሚከርምበት ወር! እናንተ ልጆች፣ ቀፎ ውስጥ ነው እንዴ ያደጋችሁት?»

ንቡ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ንብ የሚለቅሙ ጅራተ ቀጭን አረንጓዴ ወፎች ከየት እንደሰሙ አላውቅም፤ ከሰዓት በኋላ ከወይራው አልፈው ሰማዩን ሞሉት። ንቡን እየለቀሙ ኩሳቸውን ሰሙ ላይ ይጥላሉ፤ ሰሙም አንዱንም ሳይለቅ ይይዛል። የኔታ ከዚህ «ንቦቼ!» እያሉ፣ አክስቴ ከዚያ «ወፎቹን ነው ወይስ ንቦቹን እናባርር?» እያለች፣ እኔ ነጠላዬን እያውለበለብኩ። ሲረጋጋ ሸራዋ የምትታይ አልነበረችም። ክረምቱን ሙሉ ያልወረደባት በአንድ ቀን ወረደባት።

ባሌ ጎማዋን ተደግፎ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። «አለቀልኝ» አለ። ፊቱ አመድ መስሏል። እኔ ደግሞ፣ ቅናት እንዲህ ነው እንግዲህ፣ አጠገቡ ቆሜ ያሰብኩት ሐምሌ ላይ ታምሜ የተኛሁበትን ሳምንት ነው። ያኔ አለቀልኝ አላለም። «ይሻልሻል» ብሎኝ ነበር የወጣው።

ቢሆንም ከእሱ ጋር ተቀመጥኩ፤ አብረንም ፈቀፈቅን። ከእንጨት ማንኪያ ጀርባ በቀር በሌላ ነገር አልነካናትም፣ ብረት ያቆስላታል። የቀረውን ሰፈፍ፣ ያንን የስለቴን ግማሽ፣ እኔው ራሴ አምጥቼ ማሩ ጨርሶ እስኪለቅ ድረስ አፈላሁትና እንደገና ቀባናት። ንቡ አልተመለሰም። ውሃው ከላይዋ እየተንከባለለ ይወርድ ጀመር። ወፎቹ ግን በየቅርንጫፋቸው ናቸው፤ ባሌም ከመኪናዋ ሥር ነው።

ያኔ ነው ነገሩን ያወጣሁ ያወረድኩት። ይህ ሰው ቤት የማይገባው ወፍ ስለሚጠብቅ ነው። ወፉን ሌላ ሰው ከጠበቀለት ምን ምክንያት ይኖረዋል? ወፍ ጠባቂ ደግሞ እኔ ነኝ። አባቴ ወንድ ልጅ አልነበረውምና ገብሱን ከወፍ እየጠበቅሁ ያደግሁት እኔ ነኝ። እሱ የከተማ ልጅ ነው፤ እጁን እያጨበጨበ «ሽሽ! ሽሽ!» ነበር የሚለው። ወፎቹ ሊስቁበት ምንም አልቀራቸውም። ወንጭፍ እንዳልይዝ ድንጋዩ ሸራዋን ይቀዳል። የአባቴን ጅራፍ ከማገሩ ላይ አወረድኩ፤ ቆዳው ደርቆ ነበር፣ ቅቤ ቀባሁትና ግቢው መካከል ቆሜ አንድ ጊዜ አጮኽሁት። ወይራው ባዶ ቀረ።

አክስቴ ብቅ አለች። «ያገባች ሴት ጅራፍ ታጮሃለች? የማንን ከብት ልትነጂ ነው?»

«ባሌን ነው ወደ ቤት የምነዳው!»

ለእሱም «ግባና እረፍ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሸራዋን ለኔ ተዋት» አልኩት። ጆሮውን ማመን አቃተው። ገባ። እኔ ጋቢ ደርቤ ከመኪናዋ ኋላ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ወፎቹ ጠዋት ለለቀማ ከመሄዳቸው በፊትና ማታ ለማደር ሲመጡ ዋናው ጊዜያቸው ነው፤ መካከል ላይ ደግሞ ዝናብ ሲሸሹ ይመጣሉ። ገና ሲያንዣብቡ አጮሃለሁ። ጥቂት ቀን እንዲህ ሲያገኛቸው ጋጋኖዎቹ ተነጋግረው የየኔታ ጥድ ላይ ሰፈሩ። ሸራዋ ጸዳች። ሥራ ስፈታ የመኪናዋን በር ጽሑፍ በጣቴ እየተከተልኩ ፊደል እለቅም ነበር፤ አስተማሪ አልነበረኝም፣ የማውቃቸውን ጥቂቶቹን ይዤ የማላውቃቸውን እየገመትኩ። «ጭነት» የሚለውን ያገኘሁ ቀን ለብቻዬ ሳቅሁ።

ባሌስ? ባሌ ከእሳቱ ዳር ተኝቷል።

«ዛሬስ ጣውንትሽ እንዴት ናት?» አለችኝ አክስቴ።

«ደህና ናት። ከኔ ጋር ነው የዋለችው።»

«እሱስ?»

«ተኝቷል።»

አክስቴ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ልጄ፣ ባልሽን ልትቀሚ ሄደሽ አንቺው ተቀማሽላት እኮ!»

እንደዚያ ስትለኝ ነው ደሜ የፈላው። በቀጥታ ሄጄ ጅራፉን ከእሳቱ ዳር ወረወርኩት። ከእንቅልፉ ባኖ ተቀመጠ።

«እኔ የተዳርኩት ለሸራህ ነው?»

«ምን ሆነሻል? ግባ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ግባ ያልኩህ እኔ ልወጣ ነው? ሁለት ሰው ወደ አንድ ቤት የሚገባው ተራ እየጠበቀ ነው? ሐምሌን እሷ ወሰደችው፣ ነሐሴን እንቅልፍ ወሰደው፤ ለኔ የትኛው ወር ነው የተረፈኝ? ንገረኛ!»

እንዲህ ብዬ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ከዚያ ተነሳ፤ ምጣዱ ላይ የነበረውን የባቄላ ቆሎ በጋቢው ጫፍ ቋጠረ፤ ጅራፉን አነሳ።

«ነይ» አለ።

ወጥተን ከኋላ ገባንና ፊት ለፊት ተቀመጥን። ዝናቡ ወረደ። ሰም የጠጣ ሸራ ላይ ዝናብ ሲወርድ ድምፁ ሌላ ነው፤ ውስጥ አንዲት ጠብታ የለም። ከኔ ቤት ይልቅ የማያፈሰው የእሷ ቤት ነበር፤ ይህን ሳስብ እንደገና ቆጨኝ። ቢሆንም የቀረውን ክረምት ውሎዬ እዚያ ሆነ። እሱ ጅራፍ እንዳስተምረው ለመነኝ፤ የመጀመሪያዋን የራሱን ጆሮ መታባት። እኔ ደግሞ መንገዱን እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ። ገነተ ማርያምን፣ ድልብን፣ ጋሸናን፣ እያንዳንዱን መታጠፊያ ያውቃል። በየደረሰበት የት እንደሚበላ፣ የት እንደሚያድር ያወራል፤ እኔም የማላውቃቸው ከተሞች ላይ አንድ በአንድ ቀናሁባቸው።

«ፍላቂት ብርድ ነው» ይላል። «ሻዩ ባይኖር አልችለውም ነበር።»

«ሻዩን የሚያፈላው ማን ነው?»

«ሴትዮ ናት።»

«ምን ዓይነት ሴትዮ?»

«ሻይ የምታፈላ ዓይነት።»

«ወጣት ናት?»

«ወፉ መጣ፣ ወፉ መጣ፣ ጅራፉን ያዢ!» ይልና ያመልጠኛል። ወፍ የለም።

አደይ ፈነዳ፣ የየኔታ ንቦች ጠገቡ፣ መስቀል አለፈ። አንድ ቀን ከቁልቁለቱ በኩል የሞተር ድምፅ ተሰማ። ባሌ ያኘከውን ሳይውጥ ተነሳ። ኃላፊው ካኪ የለበሰ፣ ፊቱ አቧራ የጠጣ ሰው ነበር። ሰላምታውን ገና ሳይጨርስ ዓይኑ ሸራዋ ላይ ነው። ዞራት። ስፌቷን በአውራ ጣቱ ተጫነ፣ እንደገና ተጫነ፤ አልተቀደደም። ባሌ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል፤ ጣቶቹ እርስ በርስ ሲጨባበጡ ከኋላው ይታዩኛል። ኃላፊው አፍንጫውን ወደ ሸራዋ አስጠጋ።

«ጓድ ሾፌር፣ ይህ ምንድን ነው? ቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ይሸታል።»

የዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቃል እንደ ቀልድ ይሁን እንደ ክስ አይታወቅም። ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰም ነው ጓድ። ለውሃ መከላከያ።»

«ሰሙ ከየት መጣ?»

«የባለቤቴ ነው። ወፉንም የጠበቀችው እሷ ናት።»

ኃላፊው ዞሮ አየኝ። ጅራፉ እጄ ላይ ነው፤ መደበቂያ አጣሁለት። «ሌሎቹ መኪኖች ሸራቸው በስብሶ ነው የጠበቁኝ» አለ። ከዚያ ወደ ባሌ፦ «እጅህን ታጠብና ተነሳ። ዛሬ እንወጣለን።»

ዳነ። ባሌ ዳነልኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን ብዬ መሬት ሳምኩ። ቀና ስል ግን የገባኝ ዛሬ የሚለው ቃል ነው። ስንቅ እንኳ አልቋጠርኩለት። መኪናዋ ያንን ያጸዳሁላትን ሸራ ለብሳ፣ ባሌን ከፊት አስቀምጣ፣ እንደ ሙሽራ ወጣች። አክስቴ አጠገቤ ቆማ «አጊጣ ሄደች አይደል?» ብትለኝ ጅራፉን ጠቅልዬ ወደ ቤት ገባሁ።

ኅዳር ላይ አድሮ ሊሄድ መጣ። ሮጬ ወጣሁ፤ እሱን ከማየቴ በፊት ሸራዋን አየሁ። ንጹሕ ናት። አንዲት ነጥብ የለባትም።

«ማን አጠባት?»

«መጀመሪያ ሰላም በይኝ እንጂ።»

«ማን ነው ያጠባት?»

«ዝናብ ይሆናላ።»

«በኅዳር?»

ኮፍያውን አውልቆ ጭንቅላቱን አከከ። «ፍላቂት ያቺ ሻይ የምታፈላዋ ሴትዮ ናት። ቁራ አበላሽቶብኝ አይታ፣ በትርፍ ውሃዋ ራሷ አጠበችልኝ። ምን አለበት?»

ምን አለበት! ውሃ አሞቅሁ፤ ለብ ያለ። ጨርቁን ያዝኩ፣ ጎማዋ ላይ ወጣሁ፣ ንጹሑን ሸራ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንደገና አጠብኩት። ስፌት በስፌት። አክስቴ ከጓሮዋ «ምን አግኝተሽባት ነው? እኔ የሚታየኝ ነገር የለም!» ትላለች። «እኔ ይታየኛል!» አልኳት። ባሌ መጀመሪያ ሳቀ፣ በመጨረሻ ባልዲውን አንስቶ ያቀብለኝ ጀመር።

ከዚያ ወዲያ ሸራዋን የትም አሳጥቦ አልመጣም። ከነኩሷ ነው የሚያመጣልኝ። እኔም ከማጠቤ በፊት ጎማዋ ላይ ወጥቼ አያለሁ። ነጭና ቀጭን ከሆነ ወልድያ ቆርቆሮ ጣራ አጠገብ ነው ያደረው፣ የቤት እርግብ ነው። ሐምራዊ ከሆነ ከወይራ ሥር ነው፣ ገነተ ማርያም አካባቢ። ወፍራም ሆኖ የአጥንት ስባሪ ካለበት የቁራ ነው፤ የቁራ ከሆነ ደግሞ ፍላቂት ነው። «ሁለት ሌሊት ፍላቂት አድረሃል» እለዋለሁ። «አንዱ ጋሸና ነው፣ እዚያም ቁራ አለ» ይለኛል። እንከራከራለን።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ሊወጣ ሲል ቀድሜ ከኋላ ገብቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

«ውረጂ። የመንግሥት መኪና ሚስት አይጭንም።»

«አልወርድም።»

«ቢጠይቁን ምን እላለሁ?»

«ወፍ ጠባቂ ናት በላቸው።»

ሞተሩን አስነሳ። ፍላቂት ስንደርስ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ እውነቱን ነው፣ ያለ ሻይ የሚቻል አይደለም። ሻይ ቤቱ መንገዱ ዳር ነው። ሴትዮዋ ወጣች። በኔ ዕድሜ ያለች፣ ጥርሷ የሚያምር። ባሌ ጎማ ሊያይ ነው ብሎ ውጭ ቀረ። አጎንብሳ ብርጭቆውን ሰጠችኝና ፊቴን አየት አድርጋ ፈገግ አለች።

«ጅራፍ የምታጮኸው ሚስቱ አንቺ ነሽ? አወቅሁሽ እኮ! እዚህ ተቀምጦ አንቺን ሳያነሳ ሻይ ጠጥቶ አያውቅም።»

ልቤ ሙቀት ተሰማው። ሻዩን አንድ ጊዜ ፉት አልኩ። ስኳሩ ልክ ነው። ሁለተኛውን ፉት ሳልል ብርጭቆውን አስቀመጥኩና፣

«ለመሆኑ ስንት ጊዜ ጠጥቷል?» አልኳት።